የእትዬ ይታይሽን ጀርባ የተጫነች እጄ

ይህን ለሰው ተንፍሼው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ የተናዘዝሁት ሌላ ነው። ሰዉ ንስሐ ግቢበት የሚለኝ ሌላ፣ እኔ የበደልሁት ሌላ። ፍረዱብኝ፤ አልከራከርም። ግን በሠራሁት ፍረዱብኝ።

አዲስ አበባ ዮጋ ተማርሁ። አስተማሪ ለመባል የቀረኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻዬን ማስተማር ነበር፤ እሱንም ደብረ ማርቆስ፣ ባደግሁበት ሰፈር ይሁን አልሁ። ማን ከልክሎኝ? አሠልጣኜም አይታ ልትፈትነኝ አብራኝ መጣች። አንድ አዳራሽ ተፈቀደልኝና የጎረቤት ሴቶችን ጠራሁ። ገና ሳልጀምር "የባዕድ አምልኮ ነው" የሚል ወሬ ተነዛና ብዙዎቹ ቀሩ። እትዬ ይታይሽ ግን መጡ። እናቴ ገበያ ስትውል አዝለው ያሳደጉኝ ጎረቤታችን ናቸው፤ ቆራቢ፣ ከቅዳሴ የማይቀሩ። "እኔ ካልመጣሁልሽ ማን ሊመጣልሽ ነው?" አሉኝ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው፣ አማትበው ገቡ።

ከእንቅስቃሴዎቹ አንዱ ተንበርክኮ ጎንበስ ማለትና ግንባርን ምንጣፉ ላይ ማሳረፍ ነው። ለዕረፍት ነው፤ ሌላ ነገር የለበትም። የመጡት ሴቶች ወረዱ፤ ከእኔ በተሻለ ወረዱ፤ ሲሰግዱ የኖሩ ናቸዋ! እትዬ ይታይሽ ግን አጋማሽ ላይ ቆሙ። "ግንባሬንስ ለእሱ ብቻ ነው መሬት የማስነካው፤ እዚህ ላይ ይብቃኝ ልጄ" አሉ ቀስ ብለው። ሰማሁ። በደንብ ሰማሁ። አሠልጣኜ ግን አልሰማችም፤ የሚታያት ማውረድ ያቃተኝ ተማሪ ነው። እኔስ ምን አደረግሁ? እጄን ጀርባቸው ላይ አድርጌ ተጫንሁ። ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ተጫንሁ። ወገባቸው ውስጥ አንዳች ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ። እጄን አላነሣሁም። ለምን? ላልፍ ነዋ! አለፍሁም።

ወገባቸው ያኔውኑ ተያዘ። ሰፈሩ "ለባዕድ ሰግደው ተቀሠፉ" አለ። እሳቸው "ተጭናኝ ነው" ቢሉ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላሉም። "እኔው ሰገድሁ" ብለው ንስሐ ገቡ። በዚያ በተጎዳ ወገብ ቀኖናቸውን ሲሰግዱ በአጥሩ ቀዳዳ አይቻለሁ። አይቼ ዝም አልሁ። እኔን ለመሸፈን እንደሆነ እያወቅሁ ዝም አልሁ። ቀኖናውን ጨርሰው እንኳ "አልበቃሁም" እያሉ ከቁርባን ይሸሻሉ። ይኸው ስንት ፋሲካ አለፈ፣ ሌላው ቆርቦ ሲመለስ እሳቸው ቆመው ያያሉ። እኔ ግን ለንስሐ አባቴ "ዮጋ አስተማርሁ" ብዬ ተናዘዝሁ። ያልበደልሁበትን! ቀላሉ እሱ ነበር።

ዛሬም አስተምራለሁ። በዮጋው ይቅርታ አልጠይቅም፤ አትጠብቁ። ልጅ ነበርሁ፣ ደንግጬ ነው፣ እሱንም አልልም። ይቅርታውን ቢሆን የምፈልገው ከእናንተ አይደለም። ነገ ከቅዳሴ በኋላ ንስሐ አባታቸው ፊት እቆማለሁ። ሰፈሩም ይስማ፤ መስደብ የፈለገ ይስደበኝ። የሰማችው ጆሮዬ ናት፤ የተጫነችው እጄ ናት። እትዬ ይታይሽ አልሰገዱም።