በእኔ በኩል መንገድ የለም

በኔትወርክ ቴክኒሻንነት ሥራ የጀመርኩ ቀን ራውተር አላየሁም። አለቃዬ አቶ ሙሉጌታ ሃያ ሁለት ካለው ዋናው ክሊኒካችን በር ላይ አቆሙኝና፣ «ጎሮ ቅርንጫፍ አለን፤ ደርሰህ ተመለስ። አድራሻ አልሰጥህም፣ እየጠየቅክ ድረስ» አሉኝ። የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ ያኔ ጎሮን በስም እንጂ በመልክ አላውቀውም ነበር። በአዲስ ጫማ ወጣሁ።

ሃያ ሁለት ላይ የጠየቅኩት ሊስትሮ «መገናኛ ሂድና እዚያ ጠይቅ» አለኝ። መገናኛ ያገኘሁት ተራ አስከባሪ የገርጂን ታክሲ አሳየኝ። ገርጂ ስደርስ ኮት የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው ቆም ብለው ከልባቸው አሰቡልኝና በእጃቸው እየጠቆሙ፣ «በዚህ ነው ልጄ፣ ቅርብ ነው» አሉኝ። ባሉኝ መንገድ ሄጄ ሄጄ ራሴን የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ሥር አገኘሁት። ጎሮ ስደርስ ጫማው ተረከዜን ልጦት ነበር።

ስመለስ አቶ ሙሉጌታ ማን ምን እንዳለኝ አንድ በአንድ አስነገሩኝ።

«ሊስትሮው የጎሮን መንገድ ያውቃል?»

«አያውቅም። መገናኛን ነው የሚያውቀው።»

«ራውተር ማለት እሱ ነው። ሙሉውን መንገድ ማወቅ የለበትም፤ ለማን እንደሚያቀብልህ ካወቀ ይበቃል። ኮት የለበሱትስ?»

«እሳቸው ተሳሳቱ።»

«አልተሳሳቱም። አያውቁትም ነበር፤ አላውቅም ማለት አፍረው ነው። እንዲህ ያለ ራውተር የገጠመህ ቀን ታለቅሳለህ።»

ሳቅኩ። ያን ጊዜ በትንሹም በትልቁም እስቅ ነበር።

ድርጅታችን ሦስት ክሊኒክ ነበረው። ዋናው ሃያ ሁለት፣ ሁለተኛው ጎሮ፣ ሦስተኛው ላምበረት ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ። ሲቲ ስካን የሚያነሳው መሣሪያ ጎሮ ነው ያለው፤ ፎቶውን አንብባ ውጤት የምትጽፈው ሐኪም ደግሞ የምትቀመጠው ሃያ ሁለት ነው። በመካከል ያለው የእኔ ሥራ ነበር። ፎቶው ከደረሰ ማንም ስሜን አያነሳም፤ ካልደረሰ ጥበቃው ሳይቀር «ኔትወርክ ምን ሆነ?» ይለኛል። ሥራው ሲሰምር የማይታይ ሥራ ነው። ያ በወጣትነት አይከብድም፤ ኋላ ኋላ ነው የሚከብደው።

ፎቶ በመስመር የሚሄደው ተቆራርሶ ነው። ቁራጮቹን ፓኬት እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ፓኬት መድረሻው ተጽፎበት ይወጣና ራውተር ለራውተር እየተቀባበለ ያደርሰዋል። ራውተሩ ለማን ማቀበል እንዳለበት የሚያውቀው ከጎረቤቶቹ ጋር በመነጋገር ነው፤ የሚነጋገሩበትን ደንብ ፕሮቶኮል እንለዋለን።

የእኛው ፕሮቶኮል የድሮ ነበር፤ በወሬ የሚሠራ። አንዱ ራውተር ለጎረቤቱ «ሃያ ሁለት ከእኔ አንድ እርምጃ ነው» ይላል። ጎረቤቱ «እንግዲያው ከእኔ ሁለት ነው» ብሎ ለሌላው ያወራል። ማንም ካርታ አይቶ አያውቅም፤ ሁሉም የሰማውን ያምናል። አዲሶቹ ፕሮቶኮሎች ሌላ ጠባይ አላቸው። እያንዳንዱ ራውተር በዓይኑ ያየውን፣ ማለትም የራሱን መስመሮች ብቻ ለሁሉም ያሳውቃል፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት ካርታ ሠርተው መንገዱን ለራሳቸው ያሰላሉ። ወደዚህኛው እንቀይር እያልኩ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኩ እኔም አላስታውሰውም። የአቶ ሙሉጌታ መልስ ግን ትዝ ይለኛል፤ «እየሠራ ያለ ነገር አይነካም።» እሳቸውም ያንን የሚሰሙት ከበላያቸው ነበር።

የድሮውም ቢሆን አንድ ደግ ጠባይ አለው። መስመር ሲበጠስበት አያፍርም። ለጎረቤቶቹ «በእኔ በኩል መንገድ የለም» ብሎ ይናገራል፤ ሰምተው ሌላ ይፈልጋሉ፤ ሌላ ከሌለም ላኪው ወዲያው እንደማይደርስ ያውቀዋል። ይህን ጠባይ የሚያበላሸው ሰው ነው። ሰው በራውተሩ ላይ በእጁ መንገድ መጻፍ ይችላል። በእጅ የተጻፈ መንገድ ወሬ አይሰማም፤ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ከፊቱ ያለው ድልድይ ቢፈርስም በዚህ ሂድ ማለቱን አይተውም።

የጎሮው ቴክኒሻን ወንድወሰን ጠንቃቃ ልጅ ነው። የጎሮና የሃያ ሁለት መስመር አንድ ቀን ቢቆረጥስ ብሎ በራውተሩ ላይ ተጠባባቂ መንገድ በእጁ ጻፈ፤ ዋናው ከጠፋ በላምበረት በኩል ይሂድ። የላምበረቷ ሂሩትም ጠንቃቃ ናት። የእኛ ቢቆረጥስ ብላ ጻፈች፤ ዋናው ከጠፋ በጎሮ በኩል ይሂድ። ሁለቱም ለብቻቸው ትክክል ነበሩ። ችግሩ ሁለቱ መስመሮች ባንድ ጊዜ የሞቱ ዕለት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ፣ አንዱ በሌላው ላም ተማምኖ ተቀመጠ።

ያ ዕለት መጣ። መገናኛ አካባቢ መንገድ ሲቆፈር ኤክስካቫተሩ ከሃያ ሁለት የሚወጡትን ሁለቱንም መስመሮች ባንድ ጉርሻ አነሳቸው። በሰሚት በኩል የሚያልፈው የጎሮና የላምበረት መስመር ብቻ ቀረ።

መስመሩ መቆረጡን ጠዋቱኑ አውቄአለሁ። ያላወቅኩት አንዱ ቅርንጫፍ የሌላውም መስመር መቆረጡን አለማወቁን ነበር። በደንባችን መሠረት የብልሽት ማስታወቂያ የሚላከው ከአስተዳደር ክፍል በውስጥ ኢሜይል ነው። ተልኮም ነበር። ኢሜይሉ ግን የሚሄደው በዚያው በተቆረጠው መስመር ነው። ይህን ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል። እኔ ሳቁ አልቆብኛል።

እኔ ከጥገና ሠራተኞቹ ጋር ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ ውዬ፣ ከሰዓት ወደ ቢሮ ስመለስ አንዲት ወጣት መቀበያው ፊት ለፊት ቆማ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ትነጋገራለች። ጫማዋ ጭቃ ነው። ስሟ ጫልቱ ነው። አባቷ ኦቦ ቶሎሳ የጎሮ ነባር ገበሬ ነበሩ፤ ዛሬ እርሻቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ቆሟል። ያን ጠዋት የጣሪያ ቆርቆሮ ሊመቱ ወጥተው ሲወድቁ ጎሮ ክሊኒካችን አስገብታቸዋለች። ጭንቅላታቸው ሲቲ ተነስቷል። ውጤቱ ካልተነበበ ወደየት ሆስፒታል እንደሚላኩ፣ መላክ እንዳለባቸውም አይታወቅም።

«የኔ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ የአባቴን ውጤት ፈልጌ ነው። ጎሮ ስጠይቅ ፎቶው በላምበረት በኩል እየሄደ ነው፣ እዚያ አጣሪ አሉኝ። ላምበረት ስሄድ የሚልከው ጎሮ ነው፣ ተመለሺ አሉኝ። ተመለስኩ። አሁንም ላምበረት ነው አሉኝ። ታክሲው መገናኛ ሲደርስ ደከመኝና ወረድኩ። በቃ፣ ሐኪሟ ያለችበት ልሂድ ብዬ መጣሁ።»

«አባትሽ እንዴት ናቸው?»

«ጠዋት ደህና ነበር። እንዲያውም ‹ጫልቱ፣ ምንም አልሆንኩም፣ ወደ ቤት እንሂድ› እያለ አስቸግሮኝ ነበር። ቅድም ስደርስ ግን ተኝቷል። ብጠራው ብጠራው ዓይኑን ይገልጥና መልሶ ይጨፍነዋል።»

ፎቶው ያለበትን አወቅኩት። ከጎሮ ወደ ላምበረት፣ ከላምበረት ወደ ጎሮ፤ ልክ እንደሷ። ፓኬት ሲወጣ የተወሰነ ቁጥር ይዞ ይወጣል፤ ያለፈበት ራውተር ሁሉ አንድ ይቀንስበታል፤ ዜሮ ሲሆን ይጣላል። ለዘላለም እንዳይዞር ነው። የተጣለውን ደግሞ ፕሮግራሙ መልሶ ይልካል፤ ያም ዞሮ ዞሮ ይጣላል። የጎሮው ኮምፒውተር ላይ ቀኑን ሙሉ የሚነበበው «በመላክ ላይ» ነበር። አልተላከም ያለ የለም።

ወንድወሰን ጋ ደወልኩ።

«ያ ሲቲ አልደረሰም።»

«እንዴት ጋሽ መኮንን? በላምበረት በኩል እኮ እየወጣ ነው። እያየሁት ነው!»

«ላምበረት መልሳ ለአንተ ነው የምትልከው። ተጠባባቂውን አጥፋው።»

«ካጠፋሁት እኮ ጭራሽ መንገድ አይኖረንም!»

«አሁንም የለህም፣ ወንድወሰን። እንዳለህ መስሎህ ነው።»

ስልኩ ውስጥ ቁልፎች ሲመታ ሰማሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ፤ «መላክ አልተቻለም አለኝ።»

«ጎሽ። ፎቶውን በሲዲ ገልብጥና ሞተር ይዘህ ራስህ ና። አሁኑኑ።»

ሂሩትም ጋ ደውዬ የሷን አስጠፋኋት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ሰው እንዳይጉላላ ብዬ ነው» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። እውነትም አውቃለሁ።

ወንድወሰን የራስ ቁሩን እንኳ ሳያወልቅ ነው ደረጃውን የወጣው። ሐኪሟ ሲዲውን ከፍታ ብዙ አላየችም፤ ስልክ አንስታ አምቡላንስ ጎሮ እንዲሄድ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲዘጋጅ አዘዘች። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር። ስልኩን ካስቀመጠች በኋላ፣ «ይኼ ጠዋት ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ…» አለችና ጫልቱን አየቻት።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራን። ሥራ አስኪያጁ «ጥፋቱ የማን ነው?» ሲሉ ወንድወሰንና ሂሩት አቀርቅረው ነበር። አቶ ሙሉጌታ ከእኔ ቀድመው ተናገሩ፤ «ሁለቱም ለመርዳት ብለው ነው የጻፉት። ፕሮቶኮሉ ይቀየር ሲባል እየሠራ ያለ ነገር አይነካም ያልነው እኛ ነን።» ከዚያ ይቀየር ተባለ። ከዚያ ሁሉ ልመና በኋላ ለመስማማት የፈጀው አንድ ስብሰባ ነው። ደስ አላለኝም።

ካርታ ወደሚያውቀው ፕሮቶኮል ቀየርን። በእጅ የተጻፉትን መንገዶች ሁሉ አንድ በአንድ አጠፋሁ። የብልሽት ማስታወቂያ በስልክ ሆነ። እንግዳ ተቀባዮቹም ሳያረጋግጡ ታካሚን ወደ ሌላ ቅርንጫፍ እንዳይልኩ ተነገራቸው፤ ይህኛውን ማስለመድ ከራውተሮቹ ይልቅ ጊዜ ወሰደ።

ከወራት በኋላ ጫልቱ አባቷን ይዛ ለክትትል መጣች። ኦቦ ቶሎሳ በራሳቸው እግር ነው የገቡት። ጨበጥኳቸው፤ አጥብቀው ጨበጡኝና ፈገግ አሉ። አልተናገሩም።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ድነዋል» አልኳት።

«ተመስገን። ይበላል፣ ይራመዳል፤ ያውቀኛልም» አለች። የአባቷን የኮት አንገት አስተካከለችላቸው። «ስሜን ብቻ አይጠራም። አፉ ድረስ ይመጣና ይጠፋበታል።»

ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። እንደማላውቅ ነገርኳት።

አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። አዲስ የሚቀጠሩትን እንደ አቶ ሙሉጌታ እየጠየቃችሁ ጎሮ ድረሱ ብዬ እልካቸዋለሁ፤ ተረከዛቸው ተልጦ ይመለሳሉ። የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። የማታደርስ ከሆነ አላደርስም በል። ስትናገር የሰማህ ሰው ፎቶውን በእጁ ይዞ ይሮጣል።