ተሳስተን የገባንበት ለቅሶ

አምስት ነን። በየቤታችን ሆነን፣ ጆሯችን ላይ ማዳመጫ ጭነን፣ ለአንድ ዕቃ አድራሽ ድርጅት የደንበኞችን ስልክ እናነሳለን። አስተባባሪዋ እኔ ነኝ። አስተባባሪ ማለት ሥራ አስኪያጁ ሲናደድ መጀመሪያ የሚደውልለት ሰው ማለት ነው። ዓመት ከመንፈቅ አብረን ስንሠራ አንዳችን የአንዳችንን ፊት አይተን አናውቅም ነበር፤ ካሜራ ከተከፈተ ኔትወርኩ ስለሚሞት ዘግተን ነው የምናወራው። በፊታችን ፋንታ ስክሪኑ ላይ ያለው የእኔ ድመት፣ አንድ ጽጌረዳ፣ አንድ የእግር ኳስ ክለብ ዓርማ፣ አንድ የመልአክ ሥዕልና ምንም ያልተለጠፈበት ግራጫ ክብ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ይሄ አልጣመውም። "አንድነት ይጎድላችኋል" አለና በየዓርቡ ጨዋታ አዘዘብን። የመጀመሪያው ጥያቄ "እንስሳ ብትሆኑ ምን ትሆኑ ነበር?" የሚል ነበር። እንዴ፣ ሰው ደመወዝ እየተከፈለው ራሱን ይሰድባል? በመጨረሻ ባለ ዓርማው፣ ያ ድምፀ ወፍራሙ፣ "እናቴ ስትናደድ የምትጠራኝ ስም አለ፤ እሱን ልበል ወይስ ሌላ ልምረጥ?" አለ። ጽጌረዳዋ በሳቅ ፈረሰች። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም፤ "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። የእኛ ድር በቀን ሦስቴ እየተቋረጠ ምኑን አንበሳ እንደምናስር እሱ ይወቀው።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ጽጌረዳዋ ሥራ ሳትገባ ቀረች። ልቆጣት ስልኬን ሳነሳ መልእክቷ ቀደመኝ። አባቷ አገር ቤት አርፈው ተቀብረዋል፤ መርዶው የደረሳት ከቀብሩ በኋላ ነው። "ቀጨኔ ከተከራየሁ ገና አንድ ወር ሆነኝ። እድር የለኝ፣ ዘመድ የለኝ፣ ማንም አያውቀኝም። ቤቴ ቁጭ ብያለሁ። ሰኞ ሥራ እገባለሁ" ይላል።

አባት ሞቶ ለቅሶ ብቻን መቀመጥ ለጠላትም አይስጥ። ቅዳሜ ሦስተኛዋ ቀን ናት፤ ሰው ሳይደርስላት ቀኗ ካለፈች አለፈች። የቀሩትን ሦስቱን ደወልኩላቸውና "ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ገበያ ታክሲ መያዣው ጋ፣ የቀረ ወዮለት" አልኳቸው። የቤቷን አቅጣጫ ጽፋ ላከችልኝ፤ እኔ ግን ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያደግሁ ነኝና መንገድ የሚነግረኝ ሰው አልወድም። ሁለት መስመር አነበብኩና ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት።

ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ቆሜ የመንገደኛውን አፍ አፍ ማየት ጀመርኩ። ሰውን በድምፁ ብቻ ስታውቂው ሌላ ምን ታያለሽ? አንድ በር የሚያህል ሰውዬ አየሁና ባለ ዓርማው እሱ ነው ብዬ "መጣህ?" አልኩት። በቀጭን ድምፅ "ማንን ፈልገሽ ነው እህቴ?" አለኝ። ከኋላዬ ያ የማውቀው ወፍራም ድምፅ "አለቃ" ሲለኝ ዞር አልኩ፤ ትከሻዬ ላይ የማይደርስ ልጅ ቆሟል። መልአኩ በየቃሉ መሃል የምትሳደብ ሴት ሆና ተገኘች፤ ግራጫው ክብ ደግሞ እኔን በዕድሜ የሚበልጥ፣ "አንተ" እያልኩ ዓመት ሙሉ የተቆጣሁት ሰው ነው። አፈርኩ፤ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበረኝም።

የቀጨኔን አቀበት እኔ መሪ ሆኜ ወጣን። መድኃኔዓለምን አልፈን በግራ በኩል ስንታጠፍ ድንኳን ታየ። "አላልኳችሁም?" ብዬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቀድሜ ገባሁ። ፊት ለፊት ጥቁር የለበሰች ወጣት ተቀምጣ ታለቅሳለች። ሄጄ አንገቷን አቀፍኩና "እኛ ነን እህቴ፣ የሥራ ባልደረቦችሽ ነን" አልኳት። እሷም አቅፋኝ ይበልጥ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ እንዲያውም ከቤተ ዘመዱ በላይ ሳልጮህ አልቀረሁም። "ከመሥሪያ ቤቷ ናቸው" ተባለና በክብር አስቀመጡን፤ እንጀራ በምስር ወጥ ቀረበልን።

ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ ባለ ዓርማው ጎነተለኝ። "አለቃ፣ ይቺ ድምፅ የእሷ አይደለችም።"

"ለቅሶ ላይ ድምፅ ይለወጣል፤ ብላ" አልኩት።

"እሺ፣ የሞቱት አባቷ አይደሉም እንዴ?" ብሎ በአገጩ ወደ ፊት አመለከተኝ። ጠረጴዛ ላይ፣ በሻማ መሃል፣ ሻሽ ያሰሩ የአንዲት አሮጊት ፎቶ ቆሟል።

ስልኬን አውጥቼ መልእክቷን እስከ መጨረሻው አነበብኩት፦ "ድንኳን የለም። ድንኳን ካያችሁ የጎረቤት ነው፤ እሱን አልፋችሁ ሰማያዊው በር።" የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ አፍስሼ መልቀሙም ጠፋኝ። ተነስቶ መሮጥ አይቻል፣ እዚያው ተቀምጦ መብላት አይቻል።

በር ላይ ወደ ተቀመጡት የእድሩ ዳኛ ሄድኩና "አባቴ፣ ይቅር ይበሉን፣ ለቅሶ ተሳስተን ነው የገባነው" አልኳቸው። ዱላቸውን የሚያነሱብኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን "የእናንተዋ የታለች?" አሉኝ። ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

"እዚህ አጥራችን ሥር አባቷ ሞቶባት ብቻዋን ናት?"

"አዎ አባቴ። ሰው አላውቅም ብላ ነው።"

"እሷ ባታውቀን እኛስ? እኛም ሳናውቃት መቅረታችን ነውር ነው" አሉና ተነሱ። ሁለት ሴቶች ጠሩ፣ አንድ አግዳሚ አስነሱ፣ ከምስሩም አንድ ድስት አስያዙ። እንግዲህ አራት ሆነን የመጣነው ሰዎች ሰባት ሆነን ሰማያዊውን በር አንኳኳን።

አንዲት ቀጭን ሴት ከፈተች። ዓይኗ ደርቋል። ያን ሁሉ ሰው ስታይ ደነገጠች፤ "ቤት ተሳስታችሁ ይሆናል፣ ለቅሶው እታች ነው" አለችን።

ያ ሁሉ ጩኸቴ እታች ድንኳን ውስጥ አልቆ ነው መሰል፣ "እግዜር ያጥናሽ" ከማለት በቀር አፌ አልታዘዘኝም።

ቀና ብላ አየችኝ። "አንቺ ነሽ እንዴ?" አለችኝ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ዞረች፤ "እስኪ ተናገሩ" አለች። አንድ በአንድ ተናገሩ፣ እሷም አንድ በአንድ አወቀቻቸው። ባለ ዓርማው "እኔም አለሁ" ሲላት ቁመቱን አየችና ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረና እጄን ያዘች።

"ሦስት ቀን ሙሉ ድምፄን አላወጣሁም" አለችኝ። "ሰው በሌለበት ብጮህ ማን ዝም በይ ይለኛል ብዬ።"

"አልቅሺ" አልኳት።

"አባዬ" አለች። ሴቶቹ ለቅሶውን ተቀበሏት።