ኮምፒውተሩን ይዘን የወጣን ቀን

ይህ የደረሰብን ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣ ቃሊቲ ቤት ተከራይተን በምንኖርበት ጊዜ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው፣ ያን ቀን ሰው ሁሉ «ተሳስታችኋል» ስላለንና እኛ ግን እስካሁን ስላላመንን ነው።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። አንድ ጊዜ ሲመለስ ከጋቢናው በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ትልቅ ዕቃ አወረደ። ኮምፒውተር ነው። ያገለገለ፣ ስክሪኑ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ከኋላው የወጣ፣ ሲከፈት እንደ ወፍጮ የሚያጓራ።

«የሀያት ነው» አለ አባቴ። ሀያት እኔ ነኝ። ሦስት ወንድሞች እያሉኝ የእኔ መባሉን ለማመን ቸግሮኝ ነበር።

እናቴ ዳንቴል ሠርታ አለበሰችው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ዳንቴሉን በጥንቃቄ አጥፌ እከፍተዋለሁ። ኢንተርኔት የለም። ያለው የካርታ ጨዋታ፣ ስዕል መሳያና መጻፊያ ብቻ ነው። ስሜን በትልቁ ጽፌ ቀለሙን ስቀያይር ይመሻል። ከዚያ የበለጠ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አከራያችን ጋሽ በቀለ ግን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። መብራት በጠፋ ቁጥር «ያ ማሽናችሁ ነው» ይላሉ። የጠፋው በሰፈሩ በሙሉ መሆኑን ብንነግራቸውም አይሰሙም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመለስ የእሳቸው ቴሌቪዥን ተቃጠለ። አባቴ መንገድ ላይ ነበር። ጋሽ በቀለ ወደ ክፍላችን የሚገባውን ሽቦ ሊቆርጡ ፒንሳ ይዘው መጡ። እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ዘይነባ፣ ዞር በይ!»

«ጋሽ በቀለ፣ የእኛ ዕቃ የእርስዎን ቴሌቪዥን በምን ያቃጥለዋል? መብራቱ ነው እንጂ።»

«ደግሞስ ለሴት ልጅ ኮምፒውተር ምን ያደርግላታል? ነገ አግብታ ትሄድ የለም እንዴ?»

«ታግባ። ይዛው ትሄዳለች።»

ሊያዩ ከወጡት ተከራዮች አንዷ ሳቀች። ጋሽ በቀለን የባሰ ያናደዳቸው እሱ ይመስለኛል። «እንግዲያው ወይ እሱ ከግቢዬ ይወጣል፣ ወይ እናንተ ትወጣላችሁ!» ብለው ጮኹ።

«አብረን እንወጣለን» አለች እናቴ።

ለመፎከር ያለችው መስሎኝ ነበር። ጎረቤቶች ገብተው ለመኗት። «ለጊዜው ዘመድ ቤት አስቀምጪው፤ ቢያንስ ባልሽ ይምጣ» አሏት። ብርድ ልብሱን እያጣጠፈች «ዛሬ ዕቃዋን አውጪ ያለ ሰው ነገ ደብተሯን አስቀምጪ ይለኛል» አለቻቸውና ጋሪ ልትጠራ ወጣች።

የምንሄደው አቃቂ፣ አጎቴ ጀምሮ ወዳቆመው ቤት ነው። ጣሪያ እንጂ መብራት የለውም። ፍራሽና ድስቱ ተጫነ፤ ወንድሞቼ ከኋላ በእግር ተከተሉ፤ እኔ ስክሪኑን ታቅፌ ተቀመጥኩ። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ጋሪው ሲናወጥ ደረቴን እየመታኝ ሄድን።

መንገድ ላይ ዝናብ ጣለብን። እናቴ ፍራሹ የተሸፈነበትን ላስቲክ ገፍፋ ኮምፒውተሩን አለበሰችው።

«እንዴ፣ ፍራሹስ?» አላት ባለ ጋሪው።

«ፍራሽ ይደርቃል።»

ሰውዬው ዞር ብሎ አያት። ከዚያ የለበሰውን የዝናብ ልብስ አወለቀና ፍራሹ ላይ ጣል አደረገው። አቃቂ ስንደርስ እሱ ራሱ በስብሶ ነበር። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

አባቴ ሲመጣ የድሮው ክፍላችን ውስጥ ሌላ ተከራይ ጠበቀው። አጠያይቆ አገኘን። «በአንድ ዕቃ የተነሳ ቤት ይለቀቃል?» ብሎ ተቆጣ፤ ከእናቴ ጋር ለጥቂት ቀናት ተኳረፉ። በኋላ ግን መብራት ለማስገባት ደጅ የጠናው እሱ ነው። መብራቱ የገባ ዕለት ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ቆመን ጠበቅን። ዝናብ ገብቶበት ይሆናል ብዬ ፈርቼ ነበር። ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ አጓራና ተነሳ። አባቴ ሳቁን መደበቅ አቃተው።

እነሆ ዛሬ ሳሪስ የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። የኮምፒውተር ሊቅ አልሆንኩም። ያ ኮምፒውተርም ጥቂት ዓመት ሠርቶ ሞተ። ይህን ታሪክ የሰማ ሰው ሁሉ «ታዲያ ምን ጠቀመሽ?» ይለኛል። መጥቀም ነበረበት እንዴ? የእኔ ነበር፤ ይበቃል።

በቀደም እናቴን ያን ቀን አልፈራሽም ወይ ብዬ ጠየቅኋት።

«ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ነበር እኮ» አለችኝ። «ብቀመጥ ኖሮ የምነሳ አይመስለኝም። ስለዚህ አልተቀመጥኩም።»