የዘይነባ ግስ

ሸዋ ሮቢት ሥራ የጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ ጋሼ ታደሰ የጠመኔ ካርቶን አስታቀፉኝና፣ «የሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛ ያንቺ ነው። ሙቀቱን ከቻልሽው ልጆቹ አያስቸግሩሽም» አሉኝ። ዘመኑ የደርግ ነው። ባለቤቴ መኮንን ማጀቴ ከተማ ሒሳብ ያስተምራል። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም።

ልጆቹን የከበዳቸው ግስን ከግስ ማገናኘት ነበር። «ዋንት» ካሉ ከሚቀጥለው ግስ በፊት «ቱ» ይገባል፤ «ኢንጆይ» ካሉ ግን የሚቀጥለው ግስ መጨረሻው ላይ «ኢንግ» ይጨመርበታል። ለየልጁ አንድ አንድ ግስ ሰጠሁ። የ«ቱ»ዎቹን በመስኮቱ በኩል፣ የ«ኢንግ»ዎቹን በግድግዳው በኩል አስቀመጥኩ። ግሱን ስጠራ ባለቤቱ ይነሳል፤ ክፍሉ ረድፉን አይቶ ይመልሳል። ወደዱት። ገበያ ውስጥ ሳይቀር «አንተ ዋንት፣ ና ጆንያውን አሸክመኝ!» ይባባሉ ነበር።

ማጀቴ ለመዛወር አመለከትኩ። በክፍል ግምገማው ጥሩ ከተባልኩ ከመኮንን ጋር እኖራለሁ። ካኪ የለበሱ ተቆጣጣሪ ከአውራጃው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ልጆቹ እየተነሱ፣ ክፍሉ እየመለሰ፣ ጥሩ ሄደ። ከዚያ እሳቸው ጠየቁ።

«ከ‹አቮይድ› በኋላስ?»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ «ቀርታለች!» አለ።

«ማን?»

«ዘይነባ ናት ጓድ። እናቷ ወልዳ ነው።»

«እሷ እስክትመጣ እንግሊዝኛው ይቆያል?» አሉና ልጆቹን ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አስዞሯቸው። «ከ‹ኢንጆይ› በኋላስ?»

ረድፉን ማየት የቻለ የለም። የመለሰም የለም።

«ጓድ መምህርት፣ ያስተማሩት መቀመጫ ነው» አሉኝ፣ በልጆቹ ፊት።

ዝውውሩ ቀረ። መኮንን ቅዳሜ በጭነት መኪና ሲመጣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነገርኩት። ሳቀ። «እኔንስ በየትኛው ረድፍ ታስቀምጪኝ ነበር?» አለ። አኩርፌ ጀርባዬን ሰጠሁት። ሌላ ሁለት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ተመላለሰ።

የመኮንን አርባ ካለፈ ወዲህ ይህን ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ክፍል አስተምሬያለሁ። ያ ቀን ግን ዛሬም ያሳፍረኛል፤ አብረን ልንኖረው እንችል የነበረው ሁለት ዓመት የቀረው እኔ ባስተማርኩበት መንገድ ነው።

ከዚያ ግምገማ በኋላ በመጣው ሰኞ ረድፎቹን አፈረስኩ። ዘይነባ ተመልሳ መጥታ፣ «ቲቸር፣ የኔ ግስስ?» አለች።

«የሁሉም ሆኗል» አልኳት።

ወጣት መምህራን፣ ልጁን የራሱን ብቻ አትጠይቁት። የጎረቤቱንም ጠይቁት።