ከላይ ሦስተኛው

መተማ ዮሐንስ ውስጥ፣ ወደ ሱዳን ድንበር ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ትምህርቴን ያቆምኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ በአንድ እለያለሁ፤ ቃል ሲሆን ግን ይጠፋብኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው የቤቱ ባለቤት ኮምፒውተሩን በስም ሳይሆን በቦታ አስተማሩኝ። ስክሪኑ ላይ ከታች በግራ በኩል ያለችውን ቁልፍ ስጫን፣ ብዙ ጊዜ የምንሠራባቸው ፕሮግራሞች ተደርድረው ይወጣሉ። አንደኛው የአማርኛ መጻፊያ፣ ሁለተኛው ሠንጠረዥ መሥሪያ፣ ሦስተኛው ላባ የተሣለበት የፎቶ ማውጫ። በየቀኑ የምሠራው ያንኑ ስለነበር ተራቸው ተዛንፎ አያውቅም። እጄ ሳላይ ይሄድ ነበር።

ሌላ ቤት የፕሮግራሞቹን ምልክቶች ስክሪኑ ላይ ይደረድሯቸዋል። ጋሼ ግን ስክሪኑ ላይ ጎንደር የምትኖረውን ትንሽ ልጃቸውን ፎቶ አድርገው ስለነበር ፊቷ ላይ ምንም ነገር እንዲያርፍ አይፈልጉም ነበር።

አንድ ቀን ጋሼ ገለጉ ወዳለው የሰሊጥ እርሻቸው ሄደው ሳለ የሚስታቸው ወንድም መጣ። የጎንደር መኪና እስኪሞላ ድረስ በእኔ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲነካካ ቆየና፣ ይህን ሁሉ ኮተት ምን ታደርጉበታላችሁ ብሎ ዝርዝሩን በሙሉ ሰረዘው። “አሁን ንጹሕ ሆነልሽ፤ በይ መርቂኝ” አለኝ። እኔ ከሰው ጋር ማውራት ስለሚከብደኝ አንገቴን ደፍቼ ፈገግ አልኩ። ምን እንደጠፋ የገባኝ እሱ ከሄደ በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የጎጃም ሴት ገቡ። ልጃቸው ለቀን ሥራ ሱዳን ተሻግሮ ገዳሪፍ ላይ ታሞ ተኝቷል። አብሮት የሚሠራ የአገራቸው ልጅ፣ ድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ መኪና ይዞ እንደሚጠብቃቸውና ፀሐይ ስትጠልቅ እንደሚነሣ መልእክት ልኮላቸዋል። መሻገሪያ ወረቀቱ ደግሞ ፎቶ ይፈልጋል። ሌላው ፎቶ ቤት ቀለም አልቆበት ነው ወደ እኛ የመጡት። ነጩ አንሶላ ፊት አስቀምጬ አነሣኋቸው፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ነበር የተቀመጡት። ካሜራውን አገናኝቼ ቁልፏን ተጫንኩ። ባዶ ነጭ ቦታ ወጣ።

ሁሉም ፕሮግራሞች ያሉበት ሌላ መግቢያ አለ፤ እዚያ ገብቼ አላውቅም ነበር። ገባሁ። ቢጫ ማኅደር በማኅደር ላይ ተደርድሯል፣ ላባ ግን የለም። አንዱን ከፍቼ ውስጡ ያለውን ስነካ የካርታ ጨዋታ ወጣ። ሌላው የሒሳብ ማሽን ሆነ። ሌላው ደግሞ ጥቁር መስኮት ከፍቶ አንዲት ነጭ ነጥብ ብልጭ ድርግም ስትል፣ ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት መሰለኝ። ዘጋሁትና ወደ መጀመሪያው ቦታ ተመለስኩ። አሁን ባዶ አልነበረም። በስሕተት የከፈትኳቸው ሁሉ ተሰልፈው ይጠብቁኛል። ካርታው ሦስተኛ ላይ ተቀምጧል።

“አልወጣም እንዴ፣ የኔ ልጅ?” አሉኝ ሴትዮዋ።

“ትንሽ ይቆዩ፣ እናቴ።”

“እኔስ እቆያለሁ። ፀሐይዋ ናት የማትቆየው።”

ከጎናችን የጉምሩክ ወረቀት የሚሞላ ወጣት ነበር። ሁልጊዜ ሾፌሮች ስለሚከቡት በበሩ ማለፍ እንኳ ያሳፍረኝ ነበር። ያን ቀን ሄጄ ለመንኩት፤ መጣ።

“ስሙን ንገሪኝና አወጣልሻለሁ።”

“ከላይ ሦስተኛው ነው።”

“ሦስተኛ የሚባል ፕሮግራም ደግሞ አልተማርንም።”

ተከትለውት የመጡት ሾፌሮች ሳቁ። ላባ አለው አልኩ።

“እንግዲያ ዶሮ ነዋ” አለ አንዱ።

ወጣቱ ግን ክፉ አልነበረም። ቁጭ ብሎ መፈለግ ጀምሮ ነበር፤ መኪናው ሚዛን ላይ የቆመበት ሰው መጥቶ ሲጠራው፣ ባለቤቱን ጠይቂያቸው ብሎኝ ተነሣ። ጋሼ ጋ ደወልኩ። ገለጉ ስልክ አይሠራም።

ሴትዮዋ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ያለ ፎቶ ያሳልፉኝ እንደሆን ልሞክር ብለው ወደ ድልድዩ ሄዱ። ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱና ደጃችን ላይ ተቀመጡ። የድንበር ጠባቂዎቹ ያለ ወረቀት እንደማይሆን በደግ ቃል ነግረው ነው የመለሷቸው። ከማዶ የመኪና ሞተር ሲነሣ በተሰማ ቁጥር ቀና ይላሉ። ከዚያ ቀና ማለታቸውን ተዉ። የተከራየኋት ክፍል ወስጄ አሳደርኳቸው፤ ያቀረብኩላቸውን እህል ግን አልቀመሱትም።

ጋሼ በማግሥቱ ጠዋት ደረሱ። የሆነውን አቀርቅሬ ነገርኳቸው። አንዱን ቢጫ ማኅደር ሲከፍቱ ላባው እዚያ ውስጥ ነበር። በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነው አንድ መስመር ሲመርጡ፣ ላባው ከዝርዝሩ ሁሉ በላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ከእንግዲህ ማንም ቢነካካው ከዚያ ንቅንቅ አይልም አሉኝ። ቀጥሎ ካርታውን አዩ።

“ካርታ ስትጫወቺ ነው የዋልሽው?”

ሴትዮዋ ናቸው የመለሱልኝ፤ “ኧረ እሷስ ስትጨነቅ ነው የዋለች” አሉ።

ፎቶው ወጣ። ፎቶው ላይ ያሉት ግን የትናንትናዋ ሴት ነበሩ፣ ነጠላቸውን ያስተካከሉት፣ ሰው የሚጠብቃቸው።

ወረቀታቸው ካለቀ በኋላ እስከ ድልድዩ ሸኘኋቸው። ማዶ የሚጠብቃቸው ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ከገበያ የለቃቀምኳት ዐረብኛ ነበረችኝ፤ ሆስፒታል ለማለት “ሙስተሽፋ” ይበሉ አልኳቸው። አንገቴን ስመውኝ፣ ቃሉን ለራሳቸው እየደጋገሙ ተሻገሩ። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። የልጃቸውን ነገርም የነገረኝ የለም።

ተመልሼ ቁልፏን ተጫንኩ። ላባው ከላይ ነበር። ከሥሩ ካርታው አሁንም አለ። እንዴት እንደሚነሣ አላውቅም፤ ጋሼን ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ።