ያልቆጠርኩት ጸበል

መጀመሪያ የመጣው ትራስ ነው። ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ለመተኛት አንድ ትራስ ይበቃት ነበር፤ ክረምቱ ሲገባ ሁለት አደረገችው፤ ነሐሴ ላይ ደግሞ የኔን ካፖርት አጣጥፋ ሦስተኛ ጨመረች። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ዝቅ ስል ትንፋሽ ያጥረኛል፣ እታለም» አለችኝ። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የልብን ሥዕል በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኩ አላስታውስም። ግን ብርድ ነው አልኳት። ጎፋ በክረምት ጭቃና ብርድ ስለሆነ ሌላ ነገር ለማሰብ አልፈለግሁም።

ይህን የምጽፈው በቤቱ የልብ ሕመምተኛ ላለው ሰው ነው። ጥሩወርቅ አልዳነችም፤ ይህን ከወዲሁ መናገር ይሻላል። የኔን ስህተት ሌላ ሰው ካልደገመው ግን መጻፌ አይቆጨኝም።

እናታችን የሞተችው ጥሩወርቅ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ስትታመም ሃያ ሦስት ሞልቷት ከረጢት ፋብሪካ ትሠራ ነበር። እሷ ጾም የማታፈርስ፣ ክብረ በዓል የማታልፍ ልጅ ነበረች። እኔ ደግሞ ከዘመቻ ስመለስ ማመን ትቼ ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ያን ጊዜ ማመን መተው ፋሽን ስለነበረም አይደለም። አንድ ቀን ልጸልይ ብዬ ብፈልገው በውስጤ የሚያናግረኝ አጣሁ፤ ይኸው ነው። በዓል ሲመጣ እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እኔ ደብተር አርማለሁ። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

መስከረም ላይ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱ መሐል አጥር ተደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ጠቁሯል። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰድኳት።

ዶክተሩ ጆሮ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ በልጅነቷ ጉሮሮዋን ያማት እንደነበር ጠየቀኝ። ያማት ነበር። እንጥሏ ወርዷል ተብሎ ሰፈር ውስጥ አስቆርጠንላታል። ጉልበቷስ አብጦ ያውቃል? አዎ፤ አንዱ ሲሽር ሌላው ያብጥ ነበር፤ በቅቤ አሽተናታል።

«ሩማቲክ የልብ ሕመም ነው» አለ። «ማይትራል የሚባለው ቫልቭ ጠቧል። ደም ወደ ሳንባዋ እየተመለሰ ነው።»

«ሕክምናው?»

«ኦፕራሲዮን ነው። እዚህ አገር አይሠራም።»

ወደ ውጭ አገር ለመላክ የሐኪሞች ቦርድ አለ፤ ወረቀቱን ሞልተን አስገባን። መልሱ ተራ ጠብቁ የሚል ነበር። እስከ መጨረሻው ከዚያ የተለየ መልስ አልመጣም።

የታዘዙላት መድኃኒቶች ውኃውን በሽንት የሚያስወጣው ላዚክስ፣ ለልቧ ዲጎክሲንና በየወሩ የፔኒሲሊን መርፌ ነበሩ። ጨው ተከለከለች። ፈሳሽ ደግሞ፣ ውኃውም ሻዩም ሾርባውም ተደምሮ፣ በቀን ከአንድ ሊትር እንዳይበልጥ ተባለ። ለዚህ መላ አበጀሁ፤ ለሚጠቅመው ሰው ልንገረው። ጠዋት አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ውኃ እሞላለሁ። ሻይ ስትጠጣ የሻዩን ያህል ከጠርሙሱ እደፋለሁ፤ ወተት ስትጠጣም እንደዚያው። ጠርሙሱ ባዶ ሲሆን የዕለቱ መጠጥ አልቋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ማለዳ ማለዳ አውራ ጣቴን ቅልጥሟ ላይ እጫናለሁ፤ ጉድጓዱ ቶሎ ካልሞላ እግሯ ውኃ ይዟል ማለት ነው፤ ዶክተሩ በዚያን ቀን ላዚክሱን እንድጨምር ነግሮኛል።

መድኃኒቱ ሠራ። ኅዳር ላይ አንዱን ትራስ መለሰችልኝ፤ ታኅሣሥ ላይ ደጅ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ፣ ከዚያም እስከ ጎረቤታችን እስከ እትዬ በላይነሽ በር ድረስ መሄድ፣ ሽንኩርት መክተፍ፣ እኔ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ልብሴን ተኩሳ መጠበቅ ጀመረች፣ ይህን ሁሉ ሳይ ዶክተሩ ያለውን እየረሳሁ ሄድኩ። ገና በዚያ ዓመት ቤታችን እንደ በዓል ገባ። ጥምቀት ሲቃረብ ታቦቱን ልሸኝ አለች። ብቻዋን መላክ አይቻልም። ስለዚህ ደብተሬን ዘግቼ፣ መቀመጫ ይዤላት፣ ከስንት ዓመት በኋላ ነጭ ልብስ ለብሼ ወጣሁ።

ለምን እንደሄድኩ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ልደግፋት ብዬ ነው እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ግን ሜዳው ላይ መቀመጫዋን ካስተካከልኩላት በኋላ ከአጠገቧ ሄጄ ዘፈኑ መሐል የገባሁት እኔ ነኝ። አጨበጨብኩ። አንገቴ እስኪያልበኝ ድረስ። ያለፈ ያገደመው ሁሉ እህቴን «እንኳን አደረሰሽ» ይላታል። ይህ ቃል በሌላ ዓመት ከአፍ የሚወጣ ሰላምታ ነው። በዚያ ዓመት ግን ጥምቀትን ታያለች ብሎ ያረጋገጠልን ሐኪም ስላልነበረ ደርሳ ማየቷ ትልቅ ነገር ነበር፤ ያንን ደግሞ የሚያውቀው፣ በቃልም የሚናገረው፣ ያ ሕዝብ ብቻ ሆነብኝ። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብዬ መለስኩ። ከልቤ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር።

በማግስቱ እትዬ በላይነሽ ጸበል በጀሪካን ይዘው መጡ። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ጥሩወርቅን እንደ ልጃቸው የሚያዩ ሴት ናቸው። ደጃፉ ላይ አስቁመው በቀስታ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሐኪሙ መጠጥ ከልክሏት የለም? ለሰባት ቀን በባዶ ሆዷ ብትጠጣው ብዬ ነበር። ይሆናል?»

እኔም «ጸበል ምን ያደርጋታል? ትጠጣ» አልኩ።

ይህን ዓረፍተ ነገር እስካሁን እሰማዋለሁ። ያልኩት በደግነት ነው፤ ግን ከደግነቴ ሥር ንቀት ነበረበት። ጸበል ለኔ ምንም ነው። አያድንም፤ ስለዚህ አይጎዳም። ሻዩን በኩባያ የምለካ ሴት፣ ጸበሉን ግን ከእህቴ ሃይማኖት ጋር አብሬ ትቼው፣ ከጠርሙሱ ሳልደፋለት ቀረሁ። ጠዋት ጠዋት አንድ ጣሳ ሙሉ፣ አንዳንድ ቀን ሁለት ትጠጣ ነበር። እኔው ራሴ እየቀዳሁ ሰጠኋት።

በአምስተኛው ቀን የቅልጥሟ ጉድጓድ አልሞላ አለ። ላዚክስ ጨመርኩ። በስድስተኛው ሦስተኛውን ትራስ ጠየቀች። በሰባተኛው ጠዋት መተኛት አልቻለችም። ተቀምጣ ታስላለች። አረፋው ሮዝ ነበር። ዓይኗ እኔ ላይ ነው። መናገር አልቻለችም። እትዬ በላይነሽ ታክሲ ይዘው መጡ። እስከ ሆስፒታሉ ከጀርባዋ ደግፌ ያዝኳት። ትንፋሿ በእጄ ላይ ይንቀጠቀጣል።

ኦክስጅን አደረጉላት። ላዚክስ በደም ሥር ሰጧት። ሞርፊን ሰጧት።

«ሳንባዋ ውኃ ሞልቷል» አለ ዶክተሩ። «ምን ጠጣች?»

«ከአንድ ሊትር አላለፍንም። እለካለሁ።»

ጥሩወርቅ ጭምብሉን በጣቷ ከፈት አደረገችው። «ጸበል» አለች።

ዶክተሩ ወደኔ ዞረ። ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አንገቱ ላይ ማተብ አለ፤ ያን ቀን ነው ያየሁት። «እኔም እጠጣዋለሁ» አለ። «ግን ውኃ ነው። አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

በዚያ ክፍል ውስጥ ጸበል ውኃ መሆኑን ከኔ የበለጠ ማወቅ የነበረበት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ቀን ተረፈች። ልቧ ግን ወደ ቀድሞው አልተመለሰም። እትዬ በላይነሽ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «እኔ ነኝ ያመጣሁት» እያሉ አለቀሱ። «እርስዎማ ጠይቀውኝ ነበር» አልኳቸው። ዶክተሩንም ለብቻው አግኝቼ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ያለ ጸበሉም ዓመት አትሞላም ነበር» አለኝ። ሊያጽናናኝ መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤታችን የውይይት ክበብ ስሜ ተነሣ።

«ጓድ፣ ለጥምቀት ታቦት ስታጅቢ ታይተሻል። እውነት ነው?» አለ ሰብሳቢው።

«የታመመች እህቴን ይዤ ነው።»

«ስታጨበጭቢ የነበረውስ?»

ሰው ሳቀ። እኔም በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ግለ ሂስ አድርጊ ተባልኩ፣ አደረግሁ፤ በኋላቀር ልማድ ተሸንፌ ነው አልኩ። ተጨበጨበልኝ፣ ተቀመጥኩ። ስለ ጸበሉ ሂስ የሚያደርግብኝ ስብሰባ ግን የለም።

ጾሙ ገባ። ጥሩወርቅ ከሆስፒታሉ አልጋ ሳትወርድ ጾመች፤ ዶክተሩም ጨው እስካልበላች ግድ የለም አለ። ለፋሲካ ቤቴ ልሁን ብላ ለመነችው። ፈቀደላት። ሲፈቅድ ወረቀቱን እንጂ እኛን አላየም፤ ያኔ ገባኝ።

ቤቱን አጽድቼ ቄጤማ ጎዘጎዝኩ። ዶሮውን በሁለት ድስት ሠራሁ፤ አንዱ ለእንግዳ፣ አንዱ ለእሷ ጨው የሌለበት። እሑድ ሲነጋ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳትና ለሁለታችን አቀረብኩ። እጇን ወደ ትሪው ሰዳ መለሰችው።

«አንቺ ደግሞ ምን ትገድፊያለሽ? ያልጾምሽው!» አለች።

«ከሰኞ ጀምሮ ጾሜያለሁ።»

ልትስቅ ፈልጋ ሳል ያዛት። ሲለቃት ትኩር ብላ አየችኝ። «አመንሽ እንዴ፣ እታለም?»

ልዋሻት እችል ነበር። አዎ ብላት ምን ያህል ደስ እንደሚላት አውቃለሁ። «አላመንኩም» አልኳት።

«እንግዲያ ምን አስጾመሽ?»

«ብቻሽን እንዳትገድፊ ነው።»

ከዚያ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። እኔም አጎረስኳት። ሦስት ጉርሻ በላች፤ ጨው ያስፈልገዋል አለችና ተኛች።

ሐሙስ ሞተች። ጠዋት ነበር። ፊቷን እያጠብኳት ነው። እጄ ላይ ዘንበል አለች። ጠራኋት። ፎጣውን አስቀምጬ ሌላ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላወቅሁም።

ለፍትሐቱ ቄሱ የክርስትና ስሟን ጠየቁኝ። የልብ ምቷን አውቃለሁ። የላዚክሷን መጠን፣ የሽንቷን ልክ፣ በየትኛው ጎኗ ስትተኛ እንደሚቀልላት አውቃለሁ። የክርስትና ስሟን ግን አላውቅም ነበር። ልጅ ሳለሁ ሰምቼው ይሆናል፤ ልብ ብዬ ይዤው ግን አላውቅም። ቄሱ ይጠብቃሉ፤ ሰው ያየኛል። ከኋላዬ እትዬ በላይነሽ «ወለተ ሐና» አሉ።

አሁን ላመስግን። ያን ዶክተር አመሰግናለሁ፤ እውነቱን ሳያለዝብ ነግሮኛል። የማታም የቀንም ነርሶቹን፣ ታክሲ ይዘው የመጡትን፣ ስሟን ያወቁትን እትዬ በላይነሽን አመሰግናለሁ።

ለአስታማሚ የምለው ጥቂት ነው። ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው እንጥል አታስቆርጡ፤ ፔኒሲሊን አስወጉት፣ የኔ እህት ሕመም የጀመረው ከዚያ ነው። ወርኃዊው መርፌ አይለፍ። የሚጠጣውን ሁሉ ለኩ፣ ጸበሉንም፤ የምታምኑም የማታምኑም። የምታምኑ ለቄሱ ብትነግሯቸው በሲኒ ይሰጧችኋል፣ ወይም ሕመምተኛዋን ይረጯታል፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የማታምኑ ደግሞ የናቃችሁትን ነገር ከሌላው ይልቅ ደጋግማችሁ ለኩት። በዓል ሲመጣ ውጡ። አብራችሁ ጹሙ፣ አብራችሁ ግደፉ፤ ለመሄድ ማመን ግዴታ አይደለም። ባትድንም «እንኳን አደረሰሽ» የሚላት ሰው ታገኛላችሁ። ያ እንደ መድኃኒት አይሠራም፤ እንደ መድኃኒት አትጠብቁት።

እኔ አሁንም አላምንም። ሐዘን ይመልስሻል ያሉኝ ነበሩ፣ አልመለሰኝም። በክበቡ ሁለተኛ ጊዜ ተጠርቻለሁ፤ ሦስተኛም ሳይጠሩኝ አይቀሩም። ግን በየፋሲካው ዋዜማ ወለተ ሐና ብዬ በወረቀት ጽፌ ለቄሱ እሰጣለሁ። እሳቸው በሰው ፊት ጮክ ብለው ያነቧታል። በሰማይ የሚሰማት እንደሌለ አውቃለሁ። እኔ ግን እዚያ ቆሜ እሰማለሁ።