ስለ አፈራቸው ያልነገርኳቸው

ጭሮ ከተማ ባዮሎጂ ሳስተምር የማስተርስ ጥናቴን የሠራሁት ከጎረቤቴ ጓሮ ቆፍሬ በወሰድኩት አፈር ነው። ጎረቤቴ የጫት ንግድ የተዉ ሽማግሌ ነበሩ። ጓሯቸው አሮጌ የመኪና ባትሪ እየተሰበረ እርሳሱ ከሚቀልጥበት ግቢ ጋር በአጥር ይዋሰናል። እዚያ ጎመን ያበቅላሉ።

«ውሰድ ቲቸር፣ አፈር መቼ ያልቃል» ብለው ዶማውን ራሳቸው አቀበሉኝ።

ከዚያ አፈር ያራባኋቸውን ባክቴሪያዎች እርሳስ የሟሟበት ውኃ ውስጥ ስጨምራቸው እርሳሱን ለቀሙት። ሥራው የሕዋሳቸው ግድግዳ ነው። ግድግዳው ኔጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ የእርሳሱ አዮን ደግሞ ፖዘቲቭ ነው፤ ተሳስበው ይጣበቃሉ። ባክቴሪያው ቢሞት እንኳ ግድግዳው ይይዛል። ደስ አለኝ። ቀጥዬ አሲድ ጠብ ሳደርግበት ግን የያዘውን መልሶ ለቀቀው። የሽማግሌው አጥር ሥር ደግሞ የባትሪ አሲድ ይደፋል። ጎመኑ ምን እየጠጣ እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

አማካሪዬን ስጠይቀው «ጎመኑ ርእስህ አይደለም፤ ጨርስና ተመረቅ» አለኝ። መልሱ ተመቸኝ። ሽማግሌው ውጤቱን ሲጠይቁኝም «አፈርዎ ጠንካራ ባክቴሪያ አለው» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። መስጊድ ላሉ ጓደኞቻቸው ሳይቀር አወሩት። ከዚያ ወዲህ በየጁምዓው አንድ እቅፍ ጎመን ያመጡልኝ ጀመር። ተቀብዬ አመሰግንና እሳቸው ሲሄዱ እጥለዋለሁ።

ከተመረቅሁ በኋላ አንድ ጠዋት በሩ ክፍት ስለነበር ዘው ብለው ገቡ። ጎመናቸውን የጣልኩበት የቆሻሻ ማዳበሪያ አፉ እንደተከፈተ ነበር።

«ጎመኔን ለምን ጣልከው?»

ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ለራስህ አውቀህ ጣልክ» አሉ በመጨረሻ። «የኔ የልጅ ልጆች ግን በሉት።»

ወጥተው ሄዱ፤ ወደ ጓሯቸው ተከተልኳቸው። ጎመኑን ከነሥሩ እየነቀሉ ይወረውራሉ። ላግዛቸው ጎንበስ ስል፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«ተው ቲቸር፣ እጅህ እንዳይቆሽሽ» አሉኝ።

በማግስቱ ልጆቹን ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ደም ውስጥ ያለ እርሳስ የሚለካ ምርመራ እዚህ የለም፣ አዲስ አበባ ውሰዷቸው ተባሉ። አቅም ስላልነበራቸው አልወሰዷቸውም። የባትሪው ግቢ አሁንም ይሠራል፤ እኔም አንድ ጊዜ ቀበሌ አመልክቼ ዝም ብያለሁ። ልጆቹ በደጄ ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ደህና ይመስላሉ። ከመምሰላቸው በላይ የማውቀው የለም።